ሠረሠርን ስለ ማቃናትና ስለ አንጎል ማገገም

ከጧት እስከ ማታ በጽሕፈት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ከሚውል ሰው መካከል ወገቡን የሚያመው ብዙ ነው። የታመመውን አሽቶ የሚያቃና ወጌሻም በየሰፈራችን የታወቀ ነው። በአሜሪካ አገር ደግሞ ይህን የሚመስል፣ ነገር ግን በኮሌጅ የሚሰጥ፣ ካይሮፕራክቲክ የተባለ ሙያ አለ። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው «በእጅ መሥራት» ማለት ነው።

ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1895 በአይዋ ግዛት በዳቬንፖርት ከተማ ነው። ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው የአንድ ደንቆሮ የጽዳት ሠራተኛን ሠረሠር በእጁ ገፍቶ ቢያቃና፣ ሰውየው መስማት ጀመረ ብሎ ተናገረ። ከዚህም ተነሥቶ አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከስፍራው ከተናጋ የአከርካሪ አጥንት ነው ብሎ አስተማረ። ይሁን እንጂ የመስሚያው ነርቭ ከውስጠኛው ጆሮ ወደ አንጎል በቀጥታ ይገባል እንጂ በሠረሠር ውስጥ አያልፍም።

ዛሬም ሠረሠርን ማቃናት አንጎልን ያነቃል፣ በስትሮክ የሰለለውንም እጅ ይመልሳል የሚሉ አሉ። ነገሩን በሚዛን እንየው። ሠረሠር ሲነካ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነሣ መልእክት ወደ አንጎል መድረሱ እውነት ነው። ጥቂት ሰዎችን የመረመሩ ጥናቶችም ከሕክምናው በኋላ ወዲያው በአንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት ላይ ለውጥ አይተዋል። ነገር ግን የምልክት መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ በሽተኛው ተነሥቶ ብርጭቆውን መጨበጡ ሌላ ነገር ነው።

የተጎዳ አንጎል የሚማረው በመደጋገም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ስትሮክ ያገኛቸውን 222 ሰዎች ይዞ፣ ከፊሎቹ ደኅነኛ እጃቸው ተሸፍኖ በደካማው እጅ ለ2 ሳምንት እንዲለማመዱ አደረገ። እነዚህም ከሌሎቹ ይልቅ ተሻሻሉ፤ ጥቅሙም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። እንግዲህ ፈዋሹ የሌላ ሰው እጅ ሳይሆን የበሽተኛው የራሱ ደካማ እጅ ነበረ።

ይህን ስንል ሙያውን ለመንቀፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ሠረሠርን በእጅ ማከምን ሊጠቅሙ ከሚችሉት መንገዶች ቆጥሮታል። አንገት ግን ጥንቃቄ ይሻል። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮች በዚያ ያልፋሉና፣ አንገታቸው በኃይል ከተጠመዘዘ በኋላ የደም ሥራቸው ግድግዳ ተሰንጥቆ ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች፣ ቍጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ታይተዋል።

ስለዚህ ፊቱ በድንገት የተጣመመ፣ አንድ ወገኑ የዛለ፣ አንደበቱም የተሳሰረ ሰው ስታዩ፣ ለወጌሻ ሳይሆን ለሆስፒታል አድርሱት። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ወደ ቤት ከተመለሰ በኋላም፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ቢሆን ራሱ ይጕረስ። ማጕረስ በእኛ ዘንድ የፍቅር ምልክት ነው፤ ለእንዲህ ያለው በሽተኛ ግን በትዕግሥት መጠበቅ ከማጕረስ የበለጠ ፍቅር ነው።