ከጽኑ ሕመም በኋላ ትንፋሽን ስለ መመለስ
(በሠፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙዎቻችን አልፏል ብለን የተውነው ነው። እንደሚታወቀው የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በአዲስ አበባ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ቆየት ብሎም ሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማከሚያ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የዓለም አቀፉ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታወቀ። ይሁንና በኦክስጅን ታግዘው ከሞት ከተረፉት መካከል ትንፋሻቸው እንደ ቀድሞው ያልተመለሰ አሉ። ዛሬም በኮሮናም ሆነ በሌላ ጽኑ የሳምባ ምች ተኝቶ የሚነሣ ሰው ያው ችግር ያገኘዋል።

አንዲት ጎረቤታችን ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ጀሪካኑን አስቀምጣ መንገድ ዳር ቁጭ አለች። «ምነው እቴ፣ ድነሻል አልተባለም እንዴ? ሥራ ጠላሽ መሰለኝ!» የሚል ቃል ወጣ። የተናገርነው እኛው ነን እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰው እንዳያያት በጨለማ መቅዳት ጀመረች። ይህን የሰማነው ዘግይተን ነው፤ ይህንንም ንግግር ያዘጋጀነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ስንፍና አይደለም። ሳምባ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የአየር ከረጢቶች የተሞላ ሲሆን፣ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው በእነዚያ ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ጽኑ ሕመም ግድግዳውን ያሳብጠዋል፤ ፈሳሽም ይቋጥርበታል። ትኩሳቱ በቀናት ይለቅ ይሆናል፤ እብጠቱ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በጥቂት ሰዎች ላይ ጠባሳ ይቀራል። በዚህ ላይ አልጋ ላይ የከረመ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ የጭንና የባት ጡንቻ የደከመ እንደሆነ ያችኑ አጭር መንገድ ለመሄድ ከቀድሞው የበለጠ አየር ይጠይቃል።

ደጀን ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሾፌሮቻችን በሚያውቁት በጅቡቲ ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር፣ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ሩብ ያህል ያንሳል። ተወልደን ያደግንበት ስለሆነ ጤነኞች ሳለን አይሰማንም። ሳምባው የተጎዳ ሰው ግን ይሰማዋል፤ ዳገቱ ሲታከልበትማ አይነሣ!

ለዚህ የሳምባ ማገገሚያ የሚባል ሕክምና አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎች እንጂ በየጤና ጣቢያው አይደለም። ስለዚህ ሐኪም ካየን በኋላ ብዙውን ሥራ የምንሠራው በቤታችን ነው።

መጀመሪያ ትንፋሽ ሲያጥር ምን እናድርግ? ሽማግሌዎቻችን ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ ብለው እንደሚያርፉት ማለት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማለትና ክንድን ጭን ላይ ማሳረፍ፤ መንገድ ላይ ከሆነም ግድግዳ መደገፍ። ትከሻ ይላላ። ከዚያ ሁለት እስኪቆጠር በአፍንጫ አየር ማስገባት፤ ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ አራት እስኪቆጠር ቀስ እያሉ ማስወጣት። ትኩስ ቡና እንደምናበርደው እንጂ ፍም እንደምናቀጣጥለው በኀይል አይደለም። እንዲህ ሲሆን የአየር መተላለፊያዎቹ ቶሎ ስለማይዘጉ የቆየው አየር ይወጣል፤ አዲሱም ቦታ ያገኛል። ዕቃ ሲነሣ ወይም ደረጃ ሲወጣም፣ ጉልበት በሚጠየቅበት ሰዓት ትንፋሽን ማስወጣት እንጂ ማፈን አይገባም።

ቀጥሎ እግርን ማጠንከር ነው። ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ፣ እንደ ዐቅም ጥቂት ጊዜ። ከበር እስከ አጥር መሄድ፣ ሲለመድ እስከ ጎረቤት። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሄደ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር የቻለ ሰው ልኩን አላለፈም፤ በየቃሉ የሚያርፍ ከሆነ ይቀንስ። በማግስቱ አልጋ ላይ የሚጥል ድካም ከመጣም ትናንት በዝቷል ማለት ነውና፣ «ግድ ይበርቱ!» እያልን አንገፋፋ። አንዳንዱ ሰው በርትቶ በሠራ ቁጥር ይብስበታል።

የቤተ ሰብም ድርሻ አለበት። ሕመምተኛው ሽንኩርቱን ተቀምጦ ይላጥ፤ ምጣዱን ግን ሌላ ሰው ይያዝ፤ የኩበትና የእንጨት ጭስ ለዚህ ሳምባ ጠላት ነው። ቡናው ይፈላ፤ ዕጣኑ ለጊዜው ይቅር። (እናቶች እንደማትወዱልን እናውቃለን!) ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ጉሮሮ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ የተጎዳ ሳምባ አይጠግንም።

አሁን ደግሞ በቤት የማይያዘውን እንንገራችሁ። ተቀምጦ አርፎም ትንፋሹ የማይመለስለት፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ደም የሚያስለው፣ አእምሮው የተምታታበት ወይም አንድ እግሩ ብቻ አብጦ የሚያመው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ። የእግሩ እብጠት የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳምባ ከሄደ ይገድላል። ሳል ሁለት ሳምንት ከዘለቀና ሌሊት ማላብና መክሳት ከታከለበት ደግሞ «የኮሮናው ርዝራዥ ነው» ብለን አንተወው፤ የሳምባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና አክታው ይመርመር። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

እኛም ከዚህ ስብሰባ በኋላ፣ ከጽኑ ሕመም ለተነሣ ሰው ውሃ የሚቀዱለትን ወጣቶች በየተራ እንመድባለን። ያቺ ጎረቤታችን ዛሬ እዚህ አለች፤ ልምምዱን ከሁላችን ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናትና እንድታሳየን ለምነናት እሺ ብላናለች። እንግዲህ ወንበሮቹን ራቅ ራቅ አድርጉና ቁጭ በሉ፤ ጀርባችሁን አታስደግፉ፣ እግራችሁ መሬት ይንካ።