ስለ ቬትናም ሕዝብ ፊደልና ነፃነት የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ከእኛ እጅግ ርቆ በእስያ ምሥራቅ ስለሚኖረው ስለ ቬትናም ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ከመቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ሦስት ታላላቅ ነገሮችን አየ። መጀመሪያው የባዕድ ቅኝ ግዛት፤ ሁለተኛው የአገር ፍቅር መነሣት፤ ሦስተኛው የኮሙኒስት ሥርዓት ነው። ሁሉን ልናገር ብል ቀኑ አይበቃኝም። ስለዚህ ከአገሩ ሊቃውንት አንዱን መርጬ ሦስቱን ዘመን በእርሱ ኑሮ ላሳያችሁ አስቤአለሁ። የዚህ ሊቅ ስም ፋን ኮይ ይባላል። የምጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ቬትናም ሺህ ዓመት ያህል ለቻይና ስትገዛ ኖራ በ10ኛው መቶ ዓመት ነፃ ወጣች። የቻይናን ጽሕፈት ግን አልተወችም። ሹመት የሚገኘው በዚህ ጽሕፈት የሚደረገውን የመንግሥት ፈተና በማለፍ ነበር። የቻይና ጽሕፈት እንደ እኛ ፊደል በድምፅ የተመደበ አይደለም፤ ለየቃሉ የተለየ ምልክት አለው። ተማሪውም በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶችን ለማጥናት፥ እንደ ቅኔ ተማሪያችን፥ የጕልማሳነቱን ዘመን በትምህርት ይጨርስ ነበር። ገበሬው ግን ይህን የሚያህል ጊዜ ከየት ያገኛል? ሊቁን ያከብራል፤ ደብዳቤ ሲመጣለት ያስነብባል፤ እርሱ ራሱ ግን ሳያነብ ይሞታል።

ፈረንሳዮች በ1858 ዓ.ም. በጦር መርከብ መጡ። በ1859 የሳይጎንን ከተማ ያዙ፤ በ1862 በውል ስም የደቡቡን አውራጃዎች መውሰድ ጀመሩ። በ1882 ወደ ሰሜን ዘልቀው የሃኖይን ምሽግ በመድፍ ደበደቡ። የከተማው አገረ ገዥ ሆዋንግ ዚዩ ምሽጉ እንደ ተያዘ ባየ ጊዜ ለንጉሡ የስንብት ደብዳቤ ጽፎ ራሱን ሰቅሎ ሞተ። ይህም ሰው የፋን ኮይ የእናቱ አባት ነበር። የልጅ ልጁ ፋን ኮይ የተወለደው በ1887 ነው፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዮች የያዙትን አገር አንድ አድርገው ኢንዶቺን ብለው ሰየሙት።

የቅኝ ገዥዎች ሥራ በጠመንጃ ብቻ አልቆመም። ፖል ዱሜር የሚባለው አገረ ገዥ ከ1897 እስከ 1902 ድረስ ሲገዛ የጨው፥ የአረቄና የኦፒየም ንግድ ለመንግሥት ብቻ እንዲሆን አደረገ። ጨው ሠሪው ከባሕሩ ዳር ያደረቀውን ጨው መልሶ በውድ ዋጋ ይገዛ ጀመር። በዚህ ገንዘብ መንገድና የባቡር ሐዲድ ተሠራ፤ ነገር ግን ከፋዩ ገበሬ ሲሆን ትርፉን የሚያገኘው ሌላ ነበር።

አሁን ወደ ፊደሉ ነገር እመለሳለሁ። በ17ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ የመጡ ካህናት በአገሩ ሰዎች እየተረዱ የቬትናምን ቋንቋ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ ከእነርሱም አንዱ አሌክሳንድር ደ ሮድ በ1651 በሮም መዝገበ ቃላት አሳተመ። ፈረንሳዮችም አገሩን በያዙ ጊዜ ሕዝቡን ከቻይና መጻሕፍት ለመለየት ሲሉ ይህን ፊደል አስፋፉት። ሊቃውንቱ መጀመሪያ የባዕድ ጽሕፈት ነው ብለው ናቁት። በኋላ ግን ገበሬ በጥቂት ወር ሊያውቀው እንደሚችል ተመለከቱና አሳባቸውን ለወጡ። ጠላት ለራሱ ጥቅም ያመጣውን መሣሪያ የአገሩ ልጅ በብልሃት ተቀበለው።

በ1907 በሃኖይ ከተማ ሊቃውንቱ ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወንድም ሴትም ይማርበት ነበር፤ አዲሱ ፊደል፥ የምድር ታሪክ፥ ሒሳብና የአገር ፍቅር ይሰጥ ነበር። ወጣቱ ፋን ኮይም የቻይናን ትምህርት ጠንቅቆ ሳለ ከትውልድ አገሩ ተነሥቶ ወደዚህ ትምህርት ቤት መጣ። ፈረንሳዮች ግን ዓመት ሳይሞላው ዘጉት። በ1908 የመካከለኛው አገር ገበሬዎች ስለ ግብር ብዛት በተነሡ ጊዜ መንግሥቱ ነገሩን በሊቃውንቱ ላይ አላክኮ ብዙዎቹን አሰረ፤ ከታሰሩትም አንዱ ፋን ኮይ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ብዙ ጦር ያለው መንግሥት የፈራው ጥቁር ሰሌዳ ነበር።

በዚያ ዘመን አገር ወዳዶቹ በአሳብ ሁለት ሆኑ። ፋን ቦይ ቻው፥ ከጃፓን ርዳታ አግኝተን በጦር ኃይል እናስወጣቸው፥ ብሎ ከ1905 ጀምሮ ተማሪዎችን ወደ ጃፓን ወሰደ፤ ጃፓን ግን ከፈረንሳይ ጋር ተስማምታ አስወጣቻቸው። ፋን ቹ ትሪን ደግሞ፥ አስቀድሞ ሕዝቡ ይማር፥ ሲል መከረ፤ እርሱንም ወደ ደሴት እስር ቤት ላኩት። በ1930 በየን ባይ ያሉ ወታደሮች ከአገር ወዳዶች ማኅበር ጋር ሆነው ቢያምፁ አልቀናቸውም፤ አለቃቸው ንጉየን ታይ ሆክ ከ12 ባልንጀሮቹ ጋር አንገቱን ተቆርጦ ሞተ። በሰላም የለመነ ታሰረ፤ በጦር የተነሣ ተገደለ። ኮሙኒስቶች መንገዳቸውን ያገኙት በዚህ መካከል ነው።

ሆ ቺ ሚን የተባለው ሰው የአንድ ሊቅ ልጅ ነበር። በ1911 በመርከብ ወጥ ቤት ተቀጥሮ ከአገሩ ወጣ። በ1919 ታላላቆቹ መንግሥታት በቬርሳይ በተሰበሰቡ ጊዜ ለሕዝቡ መብት የሚለምን ጽሑፍ አቀረበ፤ የሰማው ግን አልነበረም። በ1920 ሌኒን ስለ ቅኝ አገሮች የጻፈውን አንብቦ ኮሙኒስት ሆነ፤ በ1930 በሆንግ ኮንግ የአገሩን ኮሙኒስት ማኅበር መሠረተ። የዚህ ማኅበር ብርታት ወደ መንደር መውረዱ ነበር። ሌሎቹ በከተማ ስለ ነፃነት ሲናገሩ እነዚህ ለጭሰኛው ስለ መሬቱ፥ ስለ ግብሩና ስለ አራጣው ነገሩት። የአገር ፍቅርና የእንጀራ ነገር በአንድ ቃል ሲነገር፥ ለገበሬው ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች አገሩን ያዙ፤ በ1944ና በ1945 ታላቅ ረሃብ ሆነ። የሞተውን ሰው ብዛት አንዳንዱ 400 ሺህ፥ ሌላው እስከ 2 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ኮሙኒስቶች የሚመሩት ቬት ሚን የሚባለው ማኅበር የሩዝ ጎተራ እየሰበረ ለሕዝቡ በማካፈሉ እጅግ ተወደደ። ጃፓን ድል በተነሣች ጊዜም ሆ ቺ ሚን መስከረም ገብቶ በ2ኛው ቀን በ1945 ዓ.ም. በሃኖይ አደባባይ ነፃነትን አወጀ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ የወጣው አንዱ ትእዛዝ ሕዝቡ ሁሉ ማንበብ እንዲማር የሚል ነበር። መንግሥቱ እንደ ተናገረው ከ100 ሰው 95ቱ ማንበብ አያውቅም ነበር። በየመንደሩ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ትምህርት ተጀመረ። ወደ ገበያ የሚሄደውን ሰው በመንገድ አቁመው ፊደል ያስነብቡት ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ 2 ሚሊዮን ተኩል ሰው ማንበብ ተማረ ተብሎ ተነገረ። ፈረንሳዮች የዘጉት የ1907 ትምህርት ቤት እነሆ በአገሩ ሁሉ ተከፈተ ማለት ነው።

ፈረንሳዮች ተመልሰው መጥተው በ1946 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሽማግሌው ፋን ኮይ መንግሥቱን ተከትሎ ወደ ተራራ ወጣ። በ1954 በዲየን ቢየን ፉ ፈረንሳዮች ድል ሆኑ፤ አገሩ ግን በጄኔቭ ውል ለሁለት ተከፈለ፤ ሰሜኑ ለኮሙኒስቶች ሆነ።

ክቡራን ሆይ፤ የንግግሬ ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ከ1953 እስከ 1956 በሰሜን የመሬት አዋጅ ተፈጸመ። ጭሰኛው መሬት አገኘ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ባለ መሬት የተባለው ሁሉ በአደባባይ እየቆመ ይከሰስና ይፈረድበት ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ተገደሉ። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ንጉየን ቲ ናም የምትባል ሴት ናት። ይህች ሴት ለነፃነት ጦር ወርቅዋን ሰጥታ፥ ታጋዮቹን በቤትዋ አብልታ፥ ልጆችዋን ለሠራዊቱ የሰጠች ነበረች፤ በ1953 በጥይት ተገደለች። በ1956 ሆ ቺ ሚን ራሱ ስሕተት መሠራቱን ለሕዝቡ በጽሑፍ ገለጸ፤ የሞተው ግን አልተመለሰም።

በዚያው ዓመት ፋን ኮይ ዕድሜው ሰባ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከወጣት ባለ ቅኔዎች ጋር ሆኖ ኛን ቫን የሚባል ጋዜጣ አወጣ። አሳቡም ሹማምንት ለጸሐፊው ምን እንዲጽፍ ማዘዝ አይገባቸውም የሚል ነበር። ጋዜጣው አምስት ጊዜ ብቻ ታትሞ ተከለከለ። ሽማግሌው በ1958 ከጸሐፊዎች ማኅበር ተባረረ፤ በጥር 1959 ሞተ። በወጣትነቱ የተማረበትን ቤት የዘጋው ባዕድ ነበር፤ በሽምግልናው ጋዜጣውን የዘጋው ግን የራሱ ወገን ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በሰሜንና በደቡብ፥ በአሜሪካም ሠራዊት መካከል በሆነው ጦርነት ከሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አለቀ። በ1975 ሳይጎን ተያዘች፤ በ1976 አገሩ አንድ መንግሥት ሆነ። በ1986 ገዥዎቹ የቀድሞው የገንዘብና የእርሻ ሥርዓት እንዳልሠራ አይተው ለገበሬውና ለነጋዴው በር ከፈቱ፤ ኑሮውም ተሻሻለ። የኮሙኒስት ማኅበሩ ግን እስከ ዛሬ ለብቻው ይገዛል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ቅኝ ገዥ ፊደልን ሰጥቶ ትምህርትን ከለከለ፤ የኮሙኒስት መንግሥት ትምህርትን ለሁሉ ሰጥቶ መልስ መስጠትን ከለከለ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም አንብቦ የሚመረምር ሰው ነው። ስለዚህ መምህራን ሆይ፤ ልጁ ፊደል ቈጥሮ ንባብ ሲወጣለት ሥራችሁ እኩል ሆነ እንጂ አልተፈጸመም። ያነበበውን እንዲመዝን፥ ያልገባውን እንዲጠይቅ አስተምሩት። እናንተም ሽማግሌዎች፤ ልጁ በጠየቀ ጊዜ ደፋር ነው ብላችሁ አትቈጡት። ዝም የተባለ ልጅ ነገ ጎረቤቱ በሐሰት ሲከሰስ ዝም የሚል ሰው ይሆናልና።