የፖለቲካ ፍልስፍና ተማሪ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

የፖለቲካ ፍልስፍና ሲባል ስለ ፓርቲዎችና ስለ ምርጫ ውጤት ማውራት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትምህርቱ የሚነሳው ግን ከዚያ በፊት ካለ ጥያቄ ነው፦ መንግሥት እኔን የማዘዝ መብት ከየት አገኘ? ሀብትስ እንዴት ቢከፋፈል ነው ፍትሐዊ የሚባለው?

አንዱን ትምህርት ቀረብ ብለን እንየው። በሃርቫርድ ያስተማሩት ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ፍትሕ ባሳተሙት መጽሐፍ አንድ ፈተና አቀረቡ። የምትኖሩበትን ኅብረተሰብ ሕግ እናንተው አውጡ፤ ነገር ግን ሀብታም ትሁኑ ድሃ፣ ባለተሰጥኦ ትሁኑ አትሁኑ፣ ምን እንደምታምኑም አታውቁም። እንዲህ ያለ ሰው፣ ይላሉ ሮልስ፣ መሠረታዊ ነፃነትን ለሁሉም እኩል ይሰጣል። የኑሮ ልዩነትንም የሚፈቅደው፣ ዕድሉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ከሁሉ በታች ያሉትን የሚጠቅም ከሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረባቸው ሮበርት ኖዚክ በመጽሐፍ ሞገቷቸው። ሰው በአግባቡ ያፈራውን ንብረት ለሌላው ለማከፋፈል መውሰድ መብቱን መጣስ ነው አሉ።

ተማሪው ሁለቱንም ያነባል። ከዚያ የማይስማማበትን ሐሳብ ሳያዳክም፣ ባለቤቱ በሚቀበለው መልክ አቅርቦ ይሞግተዋል። ከባዱ ሥራ ይኸው ነው፤ የትምህርቱ ትልቁ ዋጋም እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ፍልስፍና ልማር ካላችሁ፣ «እንጀራ አይሆንህም» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ጥያቄ እንደያዘው ጠይቁት።