ሰማዩ ሲዘጋ
(በተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲሉኝ ስለ ወባ ወይም ስለ ወሊድ እንደምናገር ጠብቀው ይሆናል። እኔ የማወራው ግን ስለ አየር ትርዒት ነው። ግራ አይግባችሁ፤ ወደ ሕክምናው እመለሳለሁ።

በጥር 2017 አየር ኃይላችን ቢሾፍቱ ላይ የአየር ትርዒት ባካሄደበት ሰሞን እኔ ዋጃ ነበርኩ። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አገዳ ከጫነ አይሱዙ ላይ ወድቆ የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። ደረቱ ውስጥ የተጠራቀመውን አየር በቱቦ አስወጣንለት። ሳንባው ግን ማፍሰሱን አላቆመም። የደረት ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ እስከ አዲስ አበባ በመኪና ማንገላታቱን ደግሞ ፈራሁት። ለክፍል ጓደኞቼ ደወልኩ። በአንድ ሌሊት ገንዘብ አዋጥታችሁ ከኮምቦልቻ የምትነሳ ትንሽ አውሮፕላን ተከራያችሁለት። ዛሬ እዚህ የቆምኩት አንደኛ ለማመስገን ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ስሕተቴን ለመናገር ነው።

ቢሾፍቱ ከቦሌ በቀጥታ መስመር 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ተዋጊ ጄቶች እየተገለባበጡ በሚበሩበት ሰማይ ሌላ አውሮፕላን እንዲገባ አይፈቀድም። በየትም አገር ያለ ደንብ ነው። በአሜሪካ ኦሽኮሽ በየዓመቱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ለትርዒት ይሰበሰባሉ። አብራሪዎቹ አስቀድሞ የወጣውን መመሪያ አንብበው የባቡር ሐዲድ እየተከተሉ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተሰልፈው ይገባሉ። የዕለቱ ትርዒት ሲጀመር ግን አውሮፕላን ማረፊያው ለሁሉም ይዘጋል። የዘገየ ሌላ ቦታ ያርፋል።

መዘጋቱ የሚነገረው «ኖታም» በሚባል አጭር ማስታወቂያ ነው። የቦታውን መካከለኛ ነጥብ፣ ስፋቱን፣ ከስንት እስከ ስንት ከፍታ እንደሆነና የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ሰዓት ይናገራል። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ አብራሪዎች «ዙሉ» ይሉታል።

የእኔም ስሕተት እዚህ ላይ ነው። አብራሪው ማታ ደውሎ «ነገ ዘጠኝ ዙሉ ከኮምቦልቻ እንነሳለን። ከዚያ ከዘገየን ከቦሌ በስተምሥራቅ እየዞርን መጠበቅ ሊኖርብን ይችላል» አለኝ። እኔም ለአምቡላንሱ ሾፌርና ለነርሷ «ዘጠኝ ሰዓት ኮምቦልቻ እንድንደርስ» ብዬ አስተላለፍኩ። ከዋጃ ኮምቦልቻ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ብንነሳ እንደርሳለን ብዬ ልተኛ ስል ነርሷ ተመልሳ መጣች። «ዶክተር፣ ዘጠኝ ሰዓት በማን አቆጣጠር ነው?»

ደነገጥኩ። ዘጠኝ ዙሉ በፈረንጅ ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ በእኛ ስድስት ሰዓት። እንዳልኩት ብንሄድ አውሮፕላኗ ከሄደች ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር የምንደርሰው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቀን ከሆነ ከዙሉው ሰዓት ላይ ሦስት ትቀንሳላችሁ፣ የእኛን ሰዓት ታገኛላችሁ። እኔ ግን ይህን ሒሳብ በዚያች ሌሊት ነው የተማርኩት።

የልጁን አባት ሄጄ ሊነጋጋ ሲል መነሳት እንዳለብን ነገርኳቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝ። «አባባ፣ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይዘጋል» አልኳቸው። ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ማን ከማን ሊዋጋ ነው?» አሉኝ።

ራያ ቆላ ውስጥ «ሰማዩ ተዘጋ» ሲባል ትርዒት ትዝ የሚለው ሰው የለም። ጥቅምት 26 ቀን 2013 የሰሜን የአየር ክልል ለበረራ ዝግ መሆኑ ሲነገር እኛ ከሥር ነበርን። ጥቅምት 12 ቀን 2014 ደግሞ 11 መንገደኞች የያዘ የተባበሩት መንግሥታት አውሮፕላን መቀሌ ሳያርፍ በአየር ድብደባ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ጥር 18 ቀን 2014 የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መድኃኒት ይዞ መቀሌ ሲያርፍ ለወራት የተጠበቀ ነበር። ለአባትየው የዚህኛው መዝጊያ ለበዓል መሆኑን ሳስረዳቸው «ተመስገን፤ እንዲህ ያለውስ ይዝጉት» አሉ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ኮምቦልቻ ነበርን። ኦክስጅኑን ከዚህ አንጻር አስቡት። 680 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በደቂቃ አምስት ሊትር ሲሰጥ ለ136 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። ሁለት ይዘን ወጥተን ደሴ ላይ ሌላ ጨመርን። በረራው አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ግን አየር ላይ እየዞርን ብንጠብቅስ? ለዚህ ነው የሰማይ መዘጋት የሐኪምም ጉዳይ ነው የምለው።

ልጁ ደርሶ ታከመ። ዛሬ ዋጃ ገበያ ላይ ሲሮጥ አየዋለሁ።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ሕመምተኛን በአየር ስንልክ አምስት ነገሮች በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፉ። አንደኛ፣ ሰዓቱ በሦስቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ተቀባዩም መልሶ ያንብበው። ሁለተኛ፣ አብራሪው የመነሻውን፣ የመንገዱንና የመድረሻውን ኖታም ማየቱ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ በበረራ ዕቅዱ ላይ የሕክምና በረራ መሆኑ «ሜድኢቫክ» በሚለው ምልክት ይገለጽ። ቅድሚያ ያሰጣል፤ የተዘጋን ሰማይ ግን በራሱ አይከፍትም፤ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ኦክስጅኑ ለመንገዱ፣ ለበረራውና ለመጠበቂያው ተደምሮ ይሰላ፤ ተለዋጭ ማረፊያና ተቀባይ ሆስፒታልም ይወሰን። አምስተኛ፣ የደረት ቱቦ ያለው ሕመምተኛ ቱቦው ክፍት ሆኖ ይሂድ፤ የተዘጋ አየር ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ሲወጣ መጠኑ በሲሶ ያህል ይጨምራል። ከዋጃ ስንነሳ ጭማሪው ያነሰ ነው፤ የታመመ ሳንባ ግን ትንሹንም አይችልም። ስለዚህ ግፊቱ የሚጠበቅ አውሮፕላን ይጠየቅ።

መምህራኖቻችን፣ እባካችሁ ይህን ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሰዓት ሰጥታችሁ አስተምሩልን። እኛ ስንማር አልነበረም። ማኅበራችን ደግሞ በአንድ ሌሊት በስልክ የሰበሰብነውን ገንዘብ ቋሚ ሣጥን ያድርገው። ሁልጊዜ ሌሊቱን ነቅቶ ስልክ የሚያነሳ ጓደኛ አይገኝም።

ነርሷ እዚህ የለችም፤ የዚያን ዕለት ተመልሳ ባትጠይቀኝ ኖሮ ግን ይህን ንግግር የማቀርበው በሌላ ስሜት ነበር። ታናሾቻችን ሲጠይቁን አንቆጣ።