መሐንዲሶቹ የጥቁር አንበሳ አርበኞች
(ለእድራችን ጠቅላላ ጉባዔ የተደረገ ንግግር)



ከሰፈራችን ተማሪዎች አንዱ በቅርቡ ይህን ጠየቀን፦ «በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የማዕድን መሐንዲሶችንና የከሰል ቆፋሪዎችን አሰልፈው ከጀርመኖች ምሽግ ሥር ዋሻ ያስቆፍሩ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ቤልጅግ አገር ሜሲን በተባለ ስፍራ 19 ትላልቅ ፈንጂዎችን ከመሬት በታች አፈነዱ። የኛዎቹ መሐንዲሶችስ በጠላት ወረራ ጊዜ ምን አደረጉ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እንደዚያ ያለ ዋሻ ቆፋሪ ጦር አልነበረንም። መሐንዲሶች ግን፣ በጣት የሚቆጠሩም ቢሆኑ፣ ነበሩን። ከነሱም መካከል የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ይገኛሉ።

ሁለቱ ወንድማማቾች በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩ ነበሩ። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጠላት እጅ ስትወድቅ ትምህርታቸውን መሸሸጊያ አላደረጉትም፤ በወለጋ ከተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ። ማኅበሩ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችንና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶችን ያሰባሰበ ሲሆን፣ ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ያቃጠሉት የዚሁ ማኅበር ሰዎች ናቸው።

እኛ እድርተኞች መቼም ያለ መተዳደሪያ ደንብ እንደማይሆን እናውቃለን። እነሱም በዚያ ጭንቅ ጊዜ 10 አንቀጽ ያለው ደንብ ጽፈው ነበር። ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ፣ አባል አገሩን ጥሎ እንዳይሰደድ ደነገጉ። ጥይትና ስንቅ ያጠረው ጦር የገበሬውን ጎተራ አልደፍርም ብሎ መማሉ ቀላል ነገር አይደለም።

ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከተያዙ በኋላ ጦሩ ተበተነ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ጠላት በእጁ የገቡትን የተማሩ ወጣቶች እየለየ ገደለ። ቢንያምና ዮሴፍም በዚያው ተገደሉ። አባታቸው ያን ጊዜ በሰው አገር ነበሩ። በዚያ ሰሞን ጡሩምባ አስነፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ ማልቀስ ከየት ይመጣል?

ታዲያ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ቁልቁል ስንል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር እናልፋለን። በሽተኛ ልንጠይቅ፣ አስከሬን ልንቀበል እንገባለን። ስሙ ከማን እንደመጣ ለልጆቻችን እንንገራቸው። ለቀስተኛ ላላገኙት የቀረልን እድርተኝነት ይኸው ነው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።