«በማንኛውም ሰዓት» ከማለት በፊት፦ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጁ ዕጩ ምሩቃን የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ገደማ «ረጅም ሰዓት ለመሥራት ዝግጁ ነዎት?» ይባላል። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ይህን ስጠየቅ «በማንኛውም ሰዓት!» ብዬ መለስሁ፤ ተቀጠርሁም። በሦስተኛው ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት መውጣት ቀረ። በደብረ ብርሃን ውርጭ በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ከረምሁ። ቅሬታ ባቀርብ አለቃዬ የገዛ ቃሌን መለሰልኝ፦ «በማንኛውም ሰዓት ብለህ አልነበር?»

እንዲህ ያለው ቃል ሕጉን አይሽርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም፤ የሚፈቀደውም እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ያለ ምክንያት ሲያጋጥም እንጂ የዘወትር ልማድ እንዲሆን አይደለም። ክፍያው በቀን የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የሥራ መሪ ሆኖ የሚቀጠር ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ የማዕረጉ ስም ስላማረን ይህን አንርሳ።

ሆኖም በጠያቂ ፊት አንቀጽ መጥቀስ ሙግት ያስመስላል። «ሥራ ሲበዛ ለማገዝ ፈቃደኛ ነኝ፤ ፈረቃው እንዴት ነው? ለሚያመሽ ሠራተኛ ሰርቪስ አለ?» ማለት ይበቃል። የሰርቪሱ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ተቀጥራ ከከተማው ዳር ቤት ለተከራየች ልጅ፣ በሥራው መሰንበት አለመሰንበቷን የሚወስነው እርሱ ሊሆን ይችላል። እሑድ እሑድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር ያለች እናቱን የሚያስታምም ሰውም «ከእሑድ በቀር» ብሎ አስቀድሞ ይናገር። «ባለቤትሽ እንድታመሺ ይፈቅዳል?» የተባለች እኅታችን ደግሞ የቤቷን ጉዳይ ለመዘርዘር አትገደድ፤ «የተመደብሁበትን ሰዓት አከብራለሁ» ብላ ወደ ሥራው ትመልሰው።

ጥያቄ ያበዛ አይቀጠርም የሚል ፍርሃት አለ። አልዋሻችሁም፤ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው «እሺ» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በደብተር ይመዝግብ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። እኔ በጊዜው ብደርስም በእጄ አንድም ጽሑፍ አልነበረኝም።

አሁን ሁለት ተማሪዎች ወደ መድረኩ ይምጡ፤ ጠያቂው እኔ እሆናለሁ።