ሰፈራችንና አስተዳደሯ
(በነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ነዋሪዎች፤

ስለ ቦዩ ከመነጋገራችን በፊት፣ ሰፈራችን እንዴት ስትተዳደር እንደኖረች ባጭሩ ብናስታውስ ይጠቅመናል። ማን ምን እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይውላልና።

ስማችን የመጣው ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ከእንጦጦ ግርጌ ለፈረንሳይ መልእክተኞች ከሰጡት ሰፊ ቦታ ነው። ለጋሲዮኑ ኋላ ኤምባሲ ሲባል፣ የሰፈሩ ስም ግን እንደነበረ ቀረ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩትን ቤቶች ነዋሪው ባቋቋመው ቀበሌ እንዲያስተዳድር ተደረገ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌን ሥልጣን አሰፋ። ኪራይ መሰብሰቡ፣ የፍርድ ሸንጎው፣ ስኳርና ዘይት የሚታደልበት ሱቅ፣ ሁሉም እዚያው ሆነ።

ቀበሌ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ጣሪያ ሰጥቷል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን በዚያው በር ገብተው ያልተመለሱ የከተማችን ልጆች አሉ። ሁለቱንም መናገር ተገቢ ነው። ነዋሪው ካልተቆጣጠረው፣ ቅርብ ያለ ሹም ከሩቁ ይብሳልና።

በ1995 ዓ.ም. ከተማችን በክፍለ ከተማ ተዋቀረች፤ ኋላም ወረዳ የቀበሌን ቦታ ያዘ። እኛ ግን እስከ ዛሬ «የቀበሌ መታወቂያ»፣ «የቀበሌ ቤት» እንላለን። ስሙ በአፋችን ቀረ እንጂ ሥራው ወደ ወረዳ ሄዷል።

ታዲያ ማኅበራችን ምንድነው? መንግሥት አይደለም፤ መታወቂያ አይሰጥም፣ መንገድ ቆርጦ ቱቦ አይቀብርም። ዕድርም አይደለም፤ ዕድራችን ኀዘንተኛ ያጽናና፣ ድንኳን ይትከል። የማኅበሩ ሥራ የነዋሪውን ቃል አንድ አድርጎ ማቅረብና እስኪፈጸም መከታተል ነው።

አምና ክረምት ከእንጦጦ የወረደው ጎርፍ የታችኞቹን ጎረቤቶቻችንን ቤት ገብቶ ፍራሽና እህል አበላሸ። ማመልከቻ ብናስገባ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን። በስብሰባው ላይ የፈረምነው እኮ 11 ሰዎች ብቻ ነበርን!

ስለዚህ፦
1. የወረዳው ስብሰባ ሲጠራ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ይገኝ፤
2. ዛሬ በሚያዘው ቃለ ጉባኤ ላይ ሁላችንም እንፈርም፤ ቅጂውም ማኅተም ተመትቶበት እኛ ዘንድ ይቀመጥ፤
3. በየደጃፋችን ያለውን ቦይ ከሰኔ በፊት እንጥረግ፤ ቆሻሻ የምንጥልበት እኛው ነንና።

የላይኛው ቤት የጣለው ፌስታል የታችኛውን ቤት ያጥለቀልቃል። ዝናቡም ቀጠሮ አይሰጠንም፤ እንነሳ!